ያልወረደችው የጌጅ መርፌ

ባለሱቁ ትልቁን ፓምፕ በሁለት እጁ አቅፎ አመጣና ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው ባንኮኒው አቃሰተ።

«እትዬ፣ ይኼን ይዘው ይግቡና ብርድ የሚባል ነገር ይርሱት» አለኝ። ልጄን አላያትም። እኔን ነው ያየኝ፤ ቦርሳውን የያዝኩት እኔ ነኛ።

እውነቱን ለመናገር ፓምፑን ወደድኩት። ቀይ ነው፣ ደልደል ያለ ነው፣ ሲያዩት ብቻ ያሞቃል። ለሕፃናት ክፍል ከሆነ ደግሞ ቢተርፍ እንጂ ባይጎድል ይሻላል ብዬ እጄን ልዘረጋ ስል ልጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ይኼ የባለ ሦስት ፎቅ ቤት ፓምፕ ነው፤ የእኛ አንድ ክፍል ናት» አለችው። «በዚህ ብንገፋው ውሃው ቧንቧው ውስጥ እየጮኸ ነው የሚሮጠው፤ ልጆቹ አይተኙም። ትንሹን አምጣልኝ።»

«ትንሹ ለዓሣ ገንዳ ነው የሚሆነው» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ዓሣዎቼ ናቸው። አምጣልኝ።»

እኔና ታላቅ እህቴ፣ እታለም ነው የምላት፣ ወላጆቻቸው ሥራ የሚውሉ ሕፃናትን የምንጠብቅበት ምድር ቤት ክፍል አለን። ክፍሏ ንጹሕ ናት፤ ወለሏ ግን በረዶ ነው። ልጆቹ ሲድሁ መዳፋቸው ይቀላል፣ አፍንጫቸው ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም። ግድግዳው ላይ የብረት ማሞቂያ አለ፤ እሱን ደግሞ እንዳይነኩት ስንከለክል መዋላችን ነው። አንድ ቀን ልጄ መጣችና ዙሪያውን አየት አድርጋ፣ «እማዬ፣ ይኼ ብረት ጣራውን ነው የሚያሞቀው። ልጆችሽ ደግሞ ጣራ ላይ አይድሁም» አለችኝ። ወለሉን ከሥሩ ፍል ውሃ በሚዞርበት ቧንቧ ላሞቀው ያለችው ያን ቀን ነው።

ልጄ ቧንቧ ሠራተኛ ናት። የምትሠራው በከተማው የታወቁ አንድ አለቃ ዘንድ ነው። ሠራተኞቹ ከጀርባቸው «ሞረድ» ይሏቸዋል፤ ያልተስተካከለ ነገር ካዩ ምላሳቸው ፍቆ ፍቆ ነው የሚያስተካክለው። እስከ ዛሬ ልጄ የምትሠራው ሌላ ሰው በመረጠው ዕቃ፣ ሌላ ሰው በቀየሰው መስመር ነበር። ይኼኛውን ወለል ግን ከዕቃው ምርጫ ጀምሮ ራሷ ትሥራው አሏት። ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት መጥተው ያዩታል። ካለፈ ከዚያ ወዲያ ሥራ ቦታ ብቻዋን ትሄዳለች፣ በራሷ ቃል ታስረክባለች። ካላለፈ የሰው ቧንቧ ተሸካሚ ሆና ትከርማለች። ይኼን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም።

ባለሱቁ ትንሹን ፓምፕ እያጉረመረመ አመጣ። ቀጥሎ በሳንቃ መልክ የተቆረጠውን ፎም ጠየቀችው።

«እሱ ይቅርባችሁ» አለ፤ አሁንም ለእኔ። «ሊሾ ከለበሰ በኋላ ማን ያየዋል? በሱ ፈንታ ቧንቧውን ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ብዙ ማንጠፍ ነው። ብዙ ቧንቧ፣ ብዙ ሙቀት።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። «እውነቱን እኮ ነው፣ ልጄ» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ ሕፃን ልታስተኚ ስትይ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከሥሩ አነጥፍለታለኋ።»

«ለምን? ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ብትደርቢለትስ?»

«ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነዋ! ቢደራረብለት ምን ይጠቅመዋል?» ብዬ ተቆጣሁ። ተቆጥቼ ሳልጨርስ ገባኝና ወደ ባለሱቁ ዞርኩ። «ፎሙን አምጣ» አልኩት። ልጄ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ትስቃለች።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ማየት ያዝኩ። ውሃውን ከሚያፈላው ቦይለር የሚወጣው ፍል ውሃ ቀጥታ ወለሉ ውስጥ ከገባ ልጆቹ መዳህ ትተው መዝለል ይጀምራሉ አለችና፣ ፍሉን ከተመለሰው ለብ ያለ ውሃ ጋር የሚያደባልቅ ቫልቭ መረጠች። ውሃውን ለሁለት መስመር የሚያከፋፍል ትንሽ የነሐስ ማከፋፈያ መረጠች፤ ባለ ስድስት አፉን ባለሱቁ ቢያሞግስላትም «የቀሩት አራቱ አፍ ምን ሊበላ ነው?» ብላ መለሰችለት። በስልክ የሚታዘዝ መስታወት የመሰለ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሲያወጣላት ደግሞ፣ «እኛ ክፍሉ ውስጥ ነው የምንውለው፣ እጃችን ይደርሳል» ብላ በጣት የሚዞረውን አነሳች።

የተጣሉት ቧንቧው ላይ ነው። ባለሱቁ ከሌላ ሥራ የተረፉ ሁለት ጥቅሎች ነበሩት። በመገጣጠሚያ ቢያያዙ ይበቃሉ አለ። ልጄ እንደዚያ ቀን ስትኮሳተር አይቼ አላውቅም።

«ከሊሾ በታች መገጣጠሚያ አይቀበርም። ከማከፋፈያው ወጥቶ ማከፋፈያው ላይ እስኪመለስ ድረስ አንድ ወጥ ነው።»

«ማንም እኮ እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ እህቴ።»

«ማንም ሲሠራው ማንም ይመጣና ይቆፍረዋል። እኔ ተመልሼ የእናቴን ወለል አልቆፍርም።»

ባለሱቁ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ይኼች ልጅ ለማንም አትመለስም እንዴ?»

«እኔንም አስቸግራኛለች» አልኩት። አፌ ይኼን አለ እንጂ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ያልተቆረጠውን ጥቅል ከመጋዘን አስወጣችው።

ሥራው ሲጀመር ሕፃናቱን እታለም ቤት አዛወርናቸው። እኔ ግን እግሬ ከዚያ ክፍል አልወጣ አለ። ልጄ አሮጌውን ወለል አስነስታ፣ አፈሩን አስተካክላ፣ ፎሙን ከግድግዳ ግድግዳ ገጠመችው፤ ጠርዝ ለጠርዝ ሲነካካ ጥፍር አያስገባም። በላዩ የሽቦ መረብ ዘረጋች። ከዚያ ቧንቧውን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እያዞረች፣ እያሰረች ከዳር ወደ መሐል ገባች፤ ከመሐል ደግሞ በመጣችበት መስመር መካከል ለመካከል ይዛ ወጣች። ሙቁ ከቀዝቃዛው ጎን እንዲተኛ ነው አለችኝ። ቀና ብላ ወገቧን ስትይዝ ክፍሉን ሁሉ አየሁት። ወለሉ ሁለት ትልልቅ ጽጌረዳ የተጠለፈበት ጨርቅ መሰለ።

እታለም ከበሩ ላይ ሆና፣ «ወይ ጉድ! እንዲህ አሳምረሽ ሠርተሽ ልትቀብሪው ነው?» አለቻት።

«ይቀበራል፣ እታለም። የኔ ሥራ ካልተቀበረ አይሠራም።»

«እንግዲያው ቀብር ላይ ጥሩኝ» ብላ ሄደች። የእታለም ነገር እንዲህ ነው፤ ስታደንቅም ትናደፋለች።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ማከፋፈያው ላይ የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰረች። ቧንቧውን ውሃ ሞላችውና የእጅ ፓምፕ አምጥታ፣ «ነይ ግፊልኝ» አለችኝ። እኔ እጀታውን ከፍ ዝቅ ሳደርግ የጌጁ መርፌ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ትንሽ አረፈችና ደግማ አስገፋችኝ። መርፌዋ ስድስት ላይ ስትቆም ፓምፑን ዘጋችው።

«አሁን ይደር» አለች። «ነገ ጠዋት ጋሼ ሊፈትኑኝ ይመጣሉ፤ የሊሾ ሠራተኞቹም አብረው። ቧንቧው የሚያፈስ ከሆነ እዚህች ላይ ይታወቃል። ማንም እንዳይነካት።»

ልጄ አግብታ የምትኖረው ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ወደ ቤቷ ሄደች። እኔም ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩና እላይ ወዳለው ቤቴ ወጣሁ።

ሌሊቱ ከባድ ብርድ ሆኖ አደረ። ሲነጋጋ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ወረድኩና በሩን ከፈትኩ። ጌጁ ላይ አጎነበስኩ። መርፌዋ ወርዳለች። ብዙ አይደለም፤ ግን ስድስት ላይ የለችም፤ ወደ አምስት ልታዘነብል ነው።

ተንበርክኬ ቧንቧውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። የማከፋፈያውን ሥር ዳሰስኩ፤ እሱም ደረቅ ነው። ታዲያ የት ገባ? ሞረድ መጥተው መርፌዋን ያይዋታል። ምላሳቸውን አሰብኩት። የሊሾ ሠራተኞቹ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ፣ ልጄ አቀርቅራ ስትቆም ታየችኝ። ስልክ ልደውልላት አሰብኩ። ከዚያ ዓይኔ ፓምፑ ላይ አረፈ።

ማንም እንዳይነካት ብላለች። እኔ ደግሞ ማንም አይደለሁም፤ እናቷ ነኝ።

መዝጊያውን ከፈት አድርጌ እጀታውን ቀስ ብዬ ገፋሁት። መርፌዋ ተነሳች። ስድስት ላይ ስትደርስ ዘጋሁና እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። ቀና ስል እታለም በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠች። «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። «ምንም አላየሽም፣ ምንም አላየሁም።»

ሞረድ ሲመጡ ልጄ አብራቸው ነበረች። ጠብደል ያሉ፣ አንገታቸውን በሹራብ የጠመጠሙ ሰው ናቸው። «እንደምን አደሩ፣ እናት» ብለውኝ ወለሉን ዞሩት። ፎሙን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። ማሰሪያዎቹን ጎንበስ ብለው ሳብ ሳብ አደረጉ። የቧንቧውን ጥምዝ በዓይናቸው ተከትለው ሄደው ተመለሱ። ምላሳቸው አልወጣም። ውጭ የሊሾው ማቡኪያ ይጮኻል፤ ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

ጌጁ ጋ ደረሱና አጎነበሱ።

«ስድስት» አሉ። «በቃ፤ ይፍሰስ።»

እታለም ከኋላዬ ጎኔን በክርኗ ነካችኝ። ልጄን አየኋት፤ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ጌጁ ፊት ቁጢጥ ብላለች። በጣቷ መስታወቱን መታ መታ አደረገችው። መርፌዋ አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ፣ ይቆይ» አለች።

«ምኑ ነው የሚቆየው?»

«አልወረደችም።»

«እንዳትወርድ አይደል የታሰረችው?»

«ጭራሽ አለመውረዷ ነው ችግሩ። ትናንት ስንሞላው ከሰዓት ነው፤ ሌሊቱ እንዲህ በርዶ አደረ። ፕላስቲክ ቧንቧ ግፊት ሲገባበት ይለጠጣል፣ ውሃው ሲበርድ ይሰበሰባል። ትንሽ መውረድ ነበረባት። ቅንጣት ካልወረደች ወይ ጌጁ ተይዟል፣ ወይ አንድ ነገር ተነካክቷል።»

ለካ መርፌዋ የወረደችው ቧንቧው ጤነኛ ስለሆነ ኖሯል! ደህናውን ነገር በገዛ እጄ አበላሽቼዋለሁ።

ሞረድ ወደ ውጭ አመለከቱ። «ልጅት፣ ሊሾው ተቦክቷል። ሲደርቅ በአካፋ አትመልሽውም። እኔ አልፏል ብያለሁ፤ ካለፈ አለፈ ነው።»

«እርስዎ ያሳለፉት ጌጁን አይተው ነው፣ ጋሼ። እኔ ደግሞ ጌጁን አላመንኩትም። ጌጅ ቀይሬ እንደገና ልሙላው።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ልትዪ ነው?»

«ከተቀበረ በኋላ እኮ እውነቱን የሚነግረኝ የለም» አለች። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። «ከላዩ የሚድሁት ሕፃናት ናቸው። ሳላውቀው አልቀብረውም።»

የእሳቸው ፊት ጠቆረ። እኔ በዚያ ሰዓት ልጄን አየኋት። ፈተናዋን አልፋለች፤ አለቃዋ በአፋቸው ተናግረውላታል። ያገኘችውን ነገር በእጇ ይዛ፣ ልክ አይደለም ብላ መልሳ ስትሰጥ አየኋት። ከየት አመጣችው? ከእኔ አይደለም። እኔ ከአንድ ሰዓት በፊት ያደረግኩትን አውቃለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እታለም ከኋላ ቆነጠጠችኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ። «ጠዋት ሳያት ወርዳ ነበር። ደንግጬ ገፋሁት። ጌጁ ምንም አልሆነም፤ የያዘው የእኔ እጅ ነው።»

ልጄ ቀስ ብላ ዞረች። «እማዬ!»

«ማንም አይንካት አልሽኝ እንጂ...»

«ማንም ማለት አንቺንም ይጨምራል እኮ!»

«አሁን ገብቶኛል።»

«የት ድረስ ወርዳ ነበር?»

በጣቴ አሳየኋት። ከአምስት ከፍ ብሎ ያለችውን ቦታ። ጌጁን አየች፣ እኔን አየች። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ፊቷ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ልክ ነበርኩ የሚል ነገር።

«እና መርፌዋ ትክክል ነበረች» አለች። ወደ አለቃዋ ዞረች። «እናቴ ያየችው ደህና ይመስላል። ግን በእሷ ቃል አልቀብረውም። ከዛሬ ጀምሬ እንደገና አሳድረዋለሁ።»

ሞረድ አንገታቸውን ወደ በሩ አውጥተው ሠራተኞቹን ተጣሩ፤ ሊሾው ከመንገዱ ማዶ እሳቸው ለሚያሠሩት መጋዘን እንዲሄድ፣ ማቡኪያውም አብሮ እንዲነሳ አዘዙ። አንዱ ሠራተኛ ሊያጉረመርም ሲል፣ «አንተ የቧንቧ ሰው ነህ?» ብለው አፉን አስያዙት። ከዚያ ሹራባቸውን አጥብቀው ጠመጠሙ።

«እኔ ነገ አልመጣም» አሏት።

በቃ፣ በእኔ ጦስ ልጄ ሌላ ዓመት ቧንቧ ልትሸከም ነው። ቀርቤ ልለምናቸው እግሬን ሳነሳ ቀጠሉ።

«መርፌዋን አንቺ እያት። ደህና ናት ካልሽ ደውዪና ሊሾውን ጥሪ፤ በአንቺ ቃል ይመጣሉ፣ እኔ ነግሬያቸው እሄዳለሁ። ደህና አይደለችም ካልሽ አፍርሰሽ ሥሪው። ከእንግዲህ ወለል ስትሠሪ እኔ ልየው ብዬ አልመጣም። ሥራ የለኝም እንዴ?»

እሳቸው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«እናት፣ እርስዎ ደግሞ ከጌጅ ይራቁ።»

«እምቢ ካለች እኔ አስራታለሁ!» አለች እታለም። ሞረድ ሲስቁ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ልጄ ግፊቱን ለቃ እንደገና ሞላች። እጀታውን እንድነካ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ያን ቀን የትም አልሄደችም። መስመሩን ሁሉ በደረቅ ወረቀት እየዳበሰች ዞረችው፤ የማከፋፈያውን እያንዳንዱን አፍ በወረቀት ከበበችው፣ ወረቀቱ ላይ አንዲት የእርጥበት ነጥብ ብትታይ ብላ። አልታየችም። መርፌዋ ወደ ማታ ላይ ትንሽ ዘመም አለች። እኔ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ።

«ወረደች» አልኩ በሹክሹክታ።

«አይዞሽ፣ ትውረድ። የምፈራው መውረዷን አይደለም፣ አለመቆሟን ነው።»

ሲነጋ አብረን ወረድን። ባለፈው ያየሁበት ቦታ ላይ ናት። ልጄ ቡና የለ፣ ቁርስ የለ፣ ፊቷን ጌጁ ላይ ተክላ ተቀመጠች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ፎሙ ላይ ደረሰች። መርፌዋ እዚያው ናት። ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ በጣቷ መታ አደረገቻት፤ መርፌዋ ብርር አለችና እዚያው ቦታዋ ላይ ረጋች።

ተነሳች። ስልኳን አወጣች። እኔን አላየችም፣ እታለምንም አላየችም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሊሾውን አምጡ» አለች። ከወዲያ አንድ ነገር ጠየቋት መሰለኝ። «አዎ። አይቼዋለሁ። እኔ ነኝ ያየሁት።»

የሊሾ ሠራተኞቹ ባልዲና አካፋ ይዘው ሲመጡ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። የፊተኛው፣ ትናንት ሊያጉረመርም የነበረው፣ ወደ ውስጥ አሻግሮ አየና ሰው ፈለገ።

«እማማ፣ ኃላፊው የት አሉ? ምን ያህል ውፍረት እንደሚፈስ ልጠይቃቸው ነበር።»

ልጄ ወለሉ መሐል ተንበርክካ የመጨረሻዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ነው፤ ፀጉሯ ላይ የፎም ፍርፋሪ አለ።

«ያቻትና» አልኩት አፌን ሞልቼ። «ልጄ ናት። እሷን ጠይቃት።»

«እማዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «እግርሽን ከቧንቧው ላይ አንሺ።»